አቧራው የሚታጠብበት ማዕድ

ቶሮንቶ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1993

ለልጄ ለፉንሞይ፤

እንደምን አለሽልኝ? አያትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ በአባቶቻችን ጥላ ሥር ሆነን ደህና ነን። ሰማይ ጤናውን አይንሳችሁ፤ ቤታችሁም ከሩዝ አይጉደል።

ልጄ፣ የምሥራች አለኝ። ለቻይና አዲስ ዓመታችን ወደ ካልካታ እንመጣለን። እኔና አባቴ ብቻ አይደለንም፤ ከማኅበራችን ውስጥ ካልካታ የተወለደው ሁሉ ሻንጣ እየገዛ ነው። ሃያ ያህል ሰው እንሆናለን። አባቴ ከወጣ ጀምሮ አገሩን አላየም፤ የታላቅ ወንድሙንም፣ የአያትሽን ባል፣ መቃብር አላየም። አሁን ካልሄደ መቼ ይሄዳል?

አንድ ነገር እርጂኝ። በማኅበሩ ጋዜጣ ላይ «ካልካታ ስንገባ በሰፈራችን የት እንብላ?» የሚል ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አዘውኛል። እኔ የማውቀው የድሮውን ነው። አሁን የቱ ቤት ንጹሕ ነው? የቱ ተዘጋ? ልጆች ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ሆዳቸው የዚያን አገር ውኃ አልለመደም። አንቺ ጠዋት ጠዋት ገበያው ላይ ነሽ። ብዙ የማትናገሪ፣ ግን ሁሉን የምታይ ልጅ ነሽ ብለው አያትሽ አስጽፈውልኝ ነበር። ያየሽውን ጻፊልኝ።

አክስትሽ ዶሪስ


ካልካታ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1993

ለተከበሩት ለአክስቴ ለዶሪስ፤

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። የአባትዎን፣ የትንሹን አያቴን የጋሽ ኩይሰንን ጤናም እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን። የቤታችን ጣሪያ በክረምቱ አፈሰሰ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አላገኘንም።

ደብዳቤዎን ለአያቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስጨርስ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ስትመለስ አንድ ጆንያ ሙሉ የሰናፍጭ ጎመን በተሸካሚ አስይዛ መጣች። ያን ሁሉ አጥበን፣ በጨው አሽተን፣ ጣሪያው ላይ ገመድ ወጥረን ሰቀልነው። እስክትመጡ ድረስ ይደርቃል። «ኩይሰን የአሳማ ሥጋ በደረቀ ጎመን ሳይበላ አገሩ ገባ አይባልም» አለችኝ። ሰባት ዓመቱ ሳለ በሙሽርነቷ እዚህ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያበላችው እሱን እንደሆነም ነገረችኝ። እናቱ ሞታ ስለነበር።

ስለዚህ የአቧራ ማጠቢያው ማዕድ በእኛ ቤት ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን የሚበላው በታላቁ ቤት ስለሆነ ይህን ለጋዜጣ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን የት እንደምትበሉ ልንገርዎ።

ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ጀርባ እኛ ገበያ ኑ። የፖሊን የዓሣ ድቡልቡል ከመጀመሪያው ድስት ብሉ። ገበያተኛ ሲበዛባት ውኃ ትጨምራለች፤ ስትጨምር አይቻታለሁ። የጋሼ ሃው ቋሊማ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ግን ሲመዝን ስለሚያወራ ሚዛኑን እያያችሁ ስሙት። አያቴ ህብስትና የሩዝ ገንፎ ትሸጣለች፤ ህብስቱን የማቦካው እኔ ነኝ። ጥግ ላይ ሥጋ በሊጥ ጠቅልሎ በቆርቆሮ ጣሳ በእንፋሎት እያበሰለ የሚሸጥ አንድ የአገሬው ሰው፣ ቤንጋሊ፣ አለ። የእኛ ሰዎች «ከእኛ አይቶ የሰረቀው ነው» ይሉታል። ይሁን፣ ግን በደንብ ነው የሰረቀው። ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ግማሽ በሩ የተዘጋ ምግብ ቤት አለ። ሽማግሌው ፊታችሁን ካልወደደው «እሳት የለኝም» ይላችኋል። እኔን «ምላስሽን ድመት በላችው?» እያለ ኑድሌን ያበዛልኛል።

ታንግራ ሰፈር ያሉት ትልልቆቹ ምግብ ቤቶች ለከተማው ሰው ስለሚሠሩ በርበሬና የቲማቲም ድልህ ያበዛሉ። ሎተስ አዳራሽ የሚባለው መብራቱ ብዙ ነው። ሾርባው ጨው ነው። እዚያ አትሂዱ።

ብዙ ጻፍኩ። በአፌ ቢሆን ይህን ሁሉ አልናገርም ነበር።

የአያትዎ ቤት ልጅ፣ ፉንሞይ


ቶሮንቶ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1993

ለፉንሞይ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለአያትሽም። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ።

የጻፍሽው ቆንጆ ነው፣ አሳቀኝም። ለጋዜጣ ግን አይሆንም። ጽሑፉ ወጥቷል፤ ቁራጩን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ፌብሩዋሪ 5 ቅዳሜ እንገባለን። ማታውኑ ሁላችንም አንድ ላይ እንድንበላ ሎተስ አዳራሽ ሦስት ትልልቅ ክብ ጠረጴዛ አስይዢልን። ከጓዳው በር አጠገብ እንዳይሆን፤ ወደ መስኮቱ ይሁን። ለአያትሽም ንገሪያቸው፤ የክብር እንግዳችን ናቸው። ሰው ልከን እናስመጣቸዋለን። ቤት ውስጥ ምንም እንዳይደክሙ።

ዶሪስ


ካልካታ፣ ጃንዩዋሪ 8 ቀን 1994

ለአክስቴ ለዶሪስ፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ያልኩት ሥርዓት ስለሆነ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ገበያው ላይ ነው። የጋዜጣውን ቁራጭ ለብቻዬ ላነበው ብዬ ፈቀቅ ስል ጋሼ ሃው ከኋላዬ መንጠቅ አድርጎ ወሰደብኝ። «ከካናዳ ነው? ስማችን አለበት?» አለ። መነጽሩን አድርጎ በዚያ ጉሮሮው ለገበያው ሁሉ አነበበው። እርስዎ የጻፉትን ረስተውት ከሆነ እኔ አልረሳሁትም፦

«የድሮው ሰፈር አልቋል። ከእኛ ሰው የቀረ የለም። ጠዋት ጭቃ ላይ ቁጭ ብለው የሚሸጡ ጥቂቶች አሉ ይባላል፤ ለጤናችሁ ስትሉ አትጠጓቸው። ታንግራ ሂዱ።»

ጋሼ ሃው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። «ከእኛ ሰው የቀረ የለም ካለች እኔ ማን ነኝ? ሙት ነኛ! ሙት ቋሊማ ሲሸጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ፖሊ ማማሰያዋን ይዛ፣ «አንተማ ከሞትክ ቆየህ፤ ሽታህ ነው የቀረን» አለችው።

ሁሉም ሳቁ። ቤንጋሊው እንኳ ሳይገባው ሳቀ። አያቴ አልሳቀችም። ለአንድ የታክሲ ሹፌር ገንፎ እየቀዳች ነበር፤ ቀድታ ጨረሰች፣ ሽንኩርቱን በተነችለት፣ ሰጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የት ነው የሚበሉት?»

«ሎተስ አዳራሽ።»

«የመጀመሪያውን?»

«አዎ።»

«እኔስ?»

«የክብር እንግዳ ነሽ ይላል።»

«በማን ከተማ?» አለችኝ።

አክስቴ፣ እርስዎ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። እዚህች ከተማ ላይ ባሏን ቀብራለች፣ አባቴን ቀብራለች። አባትዎን በእጇ አሳድጋለች። አሁን ከአውሮፕላን የወረደ ሰው «ነይ፣ በከተማሽ ላይ ላስተናግድሽ» ይላታል። ይህን ለጠላት እንኳ አያደርጉትም።

ቤት ስንገባ ጣሪያው ላይ ወጣች። ጎመኑ ደርቆ ጠቁሮ ነበር፤ ጠረኑ ደረጃውን ሞልቶት ነበር። ገመዱን ፈትታ ሁሉንም አወረደችና ለጎረቤት አከፋፈለችው። «ይበላሻል እንዴ?» ብላት «አይበላሽም» አለች። ማከፋፈሏን ግን አልተወችም።

አትሂዱ ያልኩዎትን አንድ ቤት መረጡ። ሌላ የነገርኩዎትን ሁሉ ጣሉት። ጭቃ ላይ ቁጭ ብለናል ላሉት፣ እኛ በርጩማ አለን።

ጠረጴዛውን አላስያዝኩም። አላስይዝምም።

ፉንሞይ


ቶሮንቶ፣ ጃንዩዋሪ 21 ቀን 1994

ፉንሞይ፤

ለታላቅ እንዲህ ብሎ መጻፍን ማን አስተማረሽ? ትምህርት ቤታችሁ የተዘጋው ልማድ ሳያስተምራችሁ ነው መሰለኝ። በአስራ ስድስት ዓመቴ እኔ ለአክስቴ እንዲህ ብጽፍ አባቴ እጄን ይሰብረው ነበር።

ጭቃ ያልኩት ጭቃ ስለሆነ ነው። እዚያ ነው ያደግሁት፤ በጭቃው ተጫውቼበታለሁ። የሁሉንም ሚዛን አያለሁ ካልሽ የእኔንም እይው። ሃያ ሰው ይዤ እመጣለሁ። አንዱ ቢታመም ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። አባቴን በዚያ ጠባብ ደረጃ ላይ ማን ተሸክሞ ያወጣዋል? አንቺ?

አያትሽን የናቅሁ አይምሰልሽ። አባቴንና አያትሽን በብዙ ሰው መሀል፣ በደማቅ ቦታ፣ ለአንድ ምሽት እንዲተያዩ ነው የፈለግሁት። ከዚያ የበለጠ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን አትጠይቂኝ፤ ያንቺ ጉዳይ አይደለም።

ጠረጴዛውን በስልክ አስይዣለሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። አያትሽ ይምጡ። አንቺ ከፈለግሽ ቅሪ።

ዶሪስ


ካልካታ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994፣ እሁድ
በሆቴሉ ጥበቃ በኩል የሚሰጥ

ለአክስቴ ለዶሪስ፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ትናንት ማታ አጠገብዎ ተቀምጬ ሳልናገር የቀረሁትን ልጻፈው።

አያቴን አትሂጂ ብያት ነበር። «ዋርሳዬን ላየው ነው የምሄደው፤ ምግቡን አይደለም» አለችኝ። ሰማያዊ ጃኬቷን ለበሰች። አዳራሹ በር ላይ እርስዎ ትንሹን አያቴን ደግፈው ቆመው ነበር። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። እሱ ፈገግ ብሎ፣ «እናት፣ አንቺ የማን እናት ነሽ?» አላት።

እርስዎ ከፍ ባለ ድምፅ ሳቁ። «አውሮፕላኑ አድክሞት ነው!» ብለው ከእጇ ላይ አላቀቁት። እሷን መሀል ካለው ጠረጴዛ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጧት፤ እሱን ግን ከእርስዎና ከግድግዳው መሀል፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙረው። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጭቃና ስለ ውኃ ሲጽፉልኝ የደበቁት ይህንን ነበር። ሰውየው አእምሮው እየጠፋ ነው።

ከዚያ ምግቡ መጣ። ዳክዬው መጣ፣ ዓሣው መጣ፣ ሾርባው መጣ። ሁሉም ወደ አያቴ አየ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የመብያ እንጨቷን አልነካችም። ከካናዳ የመጡት ሕፃናት እጃቸውን ሲዘረጉ እናቶቻቸው መቱዋቸው። ይኸን ያህል እንኳ አልረሳችሁም፤ ታላቅ ሳይጀምር አይበላም።

የማኅበራችሁ ሊቀመንበር ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «እማማ፣ ይጀምሩልን» አላት።

«የግብዣው ባለቤት ትጀምር» አለች።

«ባለቤቷማ እርስዎ ነዎት!»

«እኔማ እንግዳ ነኝ፣ ልጄ። የክብር እንግዳ። እንግዳ ከባለቤት ቀድሞ አይበላም።»

ሰውየው ቀይ ሆኖ ተቀመጠ። እርስዎ «እንግዲያውስ እኔ ልጀምር» ብለው አንድ ቁራጭ ዳክዬ ጎረሱ። ማንም አልተከተለዎትም። ብቻዎን አኘኩት። ድምፁ ለእኔ ይሰማኝ ነበር። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ። የዓሣው መረቅ ላዩ እየረጋ ሲሄድ እያየሁ በሆዴ «ይርጋ፣ ድንጋይ ይሁን» እል ነበር። አስተናጋጁ መጥቶ «ምግቡ ችግር አለው?» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ ሰውዬ «ምግቡ ደህና ነው፤ ችግሩ እኛ ነን» አለው።

ያኔ ለአባትዎ በማንኪያ ሾርባ ወደ አፉ አስጠጉለት። ከንፈሩን ገጠመ። «ብላ አባባ፣ ራበኝ ራበኝ ስትል አልነበር?» አሉት። ምራቁን ሲውጥ አየሁት። ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ አልጀመረችም» አለ።

«ማን?»

«እትዬ። እትዬ አልጀመረችም።»

አክስቴ፣ ከመስኮቱ ዞሮ አያቴን እያየ ነው እንዲህ ያለው። ስሟን አያውቅም፤ የማን እናት እንደሆነች አያውቅም። ሳትበላ እንደማይበላ ግን ያውቃል። አያቴ ሰማችው። ወዲያው የመብያ እንጨቱን አንስታ አጠገቧ የነበረውን፣ ቀዝቅዞ የደረቀ አበባ ጎመን አንድ ቁራጭ ጎረሰች። ጎርሳ አሳየችው። እሱም በሁለት እጁ በላ። ያኔ ሁላችሁም በላችሁ።

አሸነፍኩ ብለው ይሆናል። አላሸነፉም። የእንግድነቱን ጉርሻ የጎረሰችው ለእርስዎ ብላ አይደለም፤ እሱ እንዳይራብ ነው። የታላቅነት መብቷን በሰው ሁሉ ፊት ጥላ ነው ያበላችው። ያንን ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ታሟል ብለው አንድ መስመር ቢጽፉ ኖሮ ጎመኑንም አታከፋፍልም፣ እኔም ደረጃው ላይ እሸከመው ነበር። ከባድ ነገር መሸከም ልማዴ ነው፤ ዱቄት እሸከማለሁ።

በሪክሾ ስንመለስ አላለቀሰችም። «ከስቷል» አለች ብቻ።

ፉንሞይ


ሆቴሉ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1994

ፉንሞይ፤

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ተናድጃለሁ፤ አሁንም ተናድጃለሁ። በሃያ ሰው ፊት ብቻዬን ዳክዬ ሳኝክ ደስ ብሎኛል ትይኛለሽ። ደስ ይበልሽ።

አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። አባቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሰው ይረሳል። ማኅበሩ ግብዣ ላይ ሩዝ ኪሱ ሲከት አይተው የሳቁበት አሉ፤ ቅዳሜ ማታ አብረውሽ ከተቀመጡት መሀል ናቸው። ያን ቀን ቤት ወስጄ ኪሱን ሳጥብ ያለቀስኩትን እኔ አውቃለሁ። እኔን «እመቤት» ብሎ የሚጠራኝ ቀን አለ። ለዚያ ጠንክሬያለሁ። አያትሽን ግን፣ እንደ እናት ያሳደጉትን፣ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ማዕዳቸው ላይ «ማን ነሽ» ሲላቸው ማየት አልቻልኩም። ግርግር ውስጥ ቢሆን አይታወቅም ብዬ ነው። ንቀት አይደለም። ፍርሃት ነው። ለአንቺ ለልጅ መጻፉ ደግሞ ውርደት መሰለኝ።

ከቅዳሜ ማታ ወዲህ ምንም አልቀመሰም። ሳህን ሲቀርብለት ዙሪያውን ያያል። «እትዬ የት አለች? ጀመረች?» ይለኛል። ጀምራለች ብዬ ዋሸሁት፤ አላመነኝም።

ልመና አላውቅም፣ ግን እለምንሻለሁ። ነገ የአያትሽን ገንፎ በዕቃ አድርገሽ ወደ ሆቴሉ ላኪልኝ። የእሳቸው መሆኑን ከቀመሰው ምናልባት ይበላል።

ዶሪስ


ካልካታ፣ ፌብሩዋሪ 7፣ ማታ

ለአክስቴ ለዶሪስ፤

ምግብ አንልክም።

ደብዳቤዎን ለአያቴ አነበብኩላት። ስለ ኪሱ የጻፉትን ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ሳልዘልለው አነበብኩት። «ታዲያ ምን ቁጭ ብላ ትጽፋለች? ልጁ ርቦታል!» አለች። የሰባ ሁለት ዓመቱን ሰውዬ ነው ልጁ የምትለው።

ስለዚህ የት እንደምትበሉ ልንገርዎ። ሳይነጋ ተነሱ። ከፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ጀርባ እስካለው መታጠፊያ ድረስ በታክሲ ይምጡ፤ ከዚያ ወዲህ መኪና ስለማይገባ እኔ መታጠፊያው ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ደረጃው ጠባብ ነው። እኔ ከፊት እጁን እይዛለሁ፣ እርስዎ ከኋላ ይደግፉት። ነገ አንሸጥም። ጎረቤት አይኖርም፣ ሊቀመንበር አይኖርም። ማን ነሽ ካላት ትነግረዋለች፤ ደግሞ ቢጠይቃት ደግማ ትነግረዋለች። እሷ አትፈራም።

የአቧራ ማጠቢያው ማዕድ እንዳለፈ እናውቃለን። አያቴ ግን ሎተስ አዳራሽ የተበላው አይቆጠርም ብላለች፤ እዚያ አቧራው በጨው ነው የታጠበው።

ከላይ እሷ ትቀመጣለች፣ በቀኟ እሱ። እኔ ቆሜ እቀዳለሁ። እርስዎ በሩ አጠገብ ነዎት። እሷ ስትጀምር እሱ ይበላል፤ እሱ ሲጠግብ እርስዎ ይበላሉ። ከምግብ በፊት መጣላት ነውር ስለሆነ እስከዚያ ድረስ አፌን እይዛለሁ፤ ለእኔ ከባድ አይደለም።

ስለ ጋዜጣው ግን አልጨረስንም። ሳህኑ ከተነሣ በኋላ፣ በአፌ እነግርዎታለሁ።

ፉንሞይ